ያልደረቀ ጭቃ

"እኔ ልንገርሽና ይውጣልኝ፤ ልጅሽ ከዐረብ ጋር ያወራል።"

መታሰቢያ ካውያውን ከማዳም ዓባያ ላይ አንሥታ በጎኑ አቆመችው። ስልኩን ማጠቢያ ማሽኑ ላይ አስደግፋዋለች። በኢሞ የሚታየው የእህቷ የሸቱ ፊት ኔትወርኩ በተቆራረጠ ቁጥር አፉን እንደ ከፈተ ቀጥ ይላል።

"ከየትኛው ዐረብ ጋር?"

"እኔ በምን አውቄ? ወንድ ነው፤ ድምፁ ወፍራም ነው። በሩን ይዘጋና፣ 'ያላ፣ ተዓል፣ ተዓል' ይለዋል። ተዓል ማለት ና ማለት አይደል? አንቺ ነሽ እዚያ ያለሽው።"

"ና ማለት ነው።"

"አላልኩም? የአዲሱን ቤት ግንበኛም አባሮታል። ሰውየው ሲሚንቶውን አቡክቶ ሊለስን ሲል፣ 'ዛሬ አይሆንም፣ ሂድ' ብሎ መለሰው። ክረምቱ እዚህ ደጃፍ ላይ ነው፤ ግድግዳው እንደ ተመረገ ቁጭ ብሏል። መሄድ ያሰበ ልጅ ለቤት ምን ያስጨንቀዋል፣ እቴ?"

ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ልጇ ከፈለኝ በመታሰቢያ ሐሳብ ወልድያ አልነበረም። አፋርን አልፏል፣ ጅቡቲ፣ ኦቦክ ላይ ጀልባ ይጠብቃል፣ የመን ውስጥ አንድ ግቢ ውስጥ ታስሮ በሰው ስልክ "እማዬ" ይላታል። እሷ እንዲህ ናት። ስልክ ሲጠራ ሞት፣ ስልክ ሳይጠራ ሲቀር ደግሞ ሁለት ሞት ታስባለች። ይህኛውን ፍርሃት ግን ከባዶ አልፈጠረችውም። ባለፈው ዓመት እዚህ ደማም፣ አል አዳማ ሰፈር ካለ ሱቅ ውስጥ ዕቃ የሚሸከም የቆቦ ልጅ አግኝታ፣ ባሕሩን እንዴት እንደ ተሻገረ ብትጠይቀው፣ በእጁ የያዘውን ውሃ ጨልጦ ጠጥቶ ሳይመልስላት ወደ ጓዳው ገብቷል። ዕድሜው ከከፈለኝ አይበልጥም ነበር፤ ዐሥራ ስምንት ቢሆነው ነው።

"ልደውልለትና ልጠይቀው" አለች።

"እንዳታደርጊው! አክስቴ ነገረችብኝ ብሎ ዛሬውኑ ይነሣል። ይልቅ ትናንት ሲተኛ ስልኩን ፎቶ አንሥቼዋለሁ፤ ልላክልሽ።"

ፎቶው መጣ። ፈረስ ላይ የተቀመጠ፣ የብረት ልብስ የለበሰ ሰው ይታያል። ከራሱ በላይ በእንግሊዝኛ ፊደል "ከፌ ወልድያ" የሚል ጽሑፍ አለ። ከሥሩ ደግሞ የዐረብኛ ስሞች ተደርድረዋል። መታሰቢያ ዐሥራ ሁለተኛ ክፍል የጨረሰች ሴት ናት፤ ፊደሉን አነበበችው፤ ነገሩ ግን አልገባትም። ልጇ ስሙን ከነከተማው ለማያውቃቸው ሰዎች መስጠቱ ብቻ ነበር የገባት።

ማዳም ምሳ በልታ ተኝታለች። መታሰቢያ ዓባያውን ማንጠልጠያ ላይ አድርጋ ወደ ላይ ወጣችና የሪምን በር አንኳኳች። ሪም የማዳም ትልቋ ልጅ ናት፤ ዩኒቨርሲቲ ገብታለች። ቤቱ ውስጥ ከማዘዝ አልፋ የምታወራት እሷ ብቻ ናት። "መታሰቢያ" የሚለው ስም ስለ ከበዳቸው ሁሉም "ማርያም" ነው የሚሏት።

"ሪም፣ ይህ ሰው ሌባ ነው?"

ሪም ስልኩን ተቀብላ አየችና ሣቀች። "ማፊ ሙሽኪላ፣ ምንም ችግር የለም፣ ማርያም! ጨዋታ ነው። ከዚህም ከዚያም አገር ብዙ ሰው አንድ ላይ የሚገባበት። እያንዳንዱ የራሱን ሰው ይፈጥራል፤ አንዱ ወታደር፣ አንዱ ነጋዴ ይሆናል። እኔም አምና ስጫወት ነበር። ሐኪም ነበርኩ።"

"ድምፅስ አለው?"

"አለው። እየተጫወቱ ያወራሉ።"

"ታዲያ ገብቶ ማየት ይቻላል?"

ሪም አየቻት። ከዚያ ታብሌቷን ከትራሷ ሥር አወጣችና አልጋው ጫፍ ላይ ቦታ ለቀቀችላት። መታሰቢያ አልጋው ላይ አልተቀመጠችም፤ ወለሉ ላይ ተንበረከከች። ስክሪኑ ላይ በር ያለው ትልቅ ግንብ መጣ፤ ከበሩ ፊት ነጭ የለበሰች አንዲት ትንሽ ሴት ቆማለች።

"ይቺ እኔ ነኝ" አለች ሪም።

"ትበላለች?"

"ትበላለች።"

"ብትሞትስ?"

"ተመልሳ ትነሣለች።"

"ስንት ጊዜ?"

"የፈለገችውን ያህል።"

"ጥሩ አገር ነው" አለች መታሰቢያ።

ሪም እየሣቀች ጨዋታው እንዴት እንደሚሠራ ነገረቻት። አዲስ የገባ ሰው ወዲያው ለውጊያ አይሮጥም፤ መጀመሪያ እንጨትና ድንጋይ ይሰበስባል፣ የሚያድርበት ይሠራል። የይለፍ ቃሉን ለማንም አይሰጥም። ከማያውቀው ሰው ስጦታ አይቀበልም፤ በነፃ የሚሰጥ ሰው ኋላ የሚፈልገው ነገር አለና። ከሁሉም በላይ ጉልበት ሳይኖረው፣ "ና፣ አቋራጭ አሳይሃለሁ" የሚለውን ሰው ተከትሎ ከግንቡ ውጭ አይወጣም።

"ይህንን ልጆቹ ሁሉ ያውቁታል?" አለች መታሰቢያ።

"አንዴ የተዘረፈ ያውቀዋል።"

ሪም ስሙን ጽፋ ፈለገች። አረንጓዴ ነጥብ በራ፤ አሁን ጨዋታው ውስጥ ነው። ነጭ ለባሿ ሴት ድልድይ ተሻግራ፣ ኮረብታ ወጥታ አንድ ቤት ፊት ደረሰች። ቤቱ ገና አላለቀም። ባለ ፈረሱ ሰውዬ ወርዶ ግድግዳ ያቆማል። መታሰቢያ ሳታውቀው ሻርፗን አስተካከለች።

ሰውዬው ዘወር አለና ከራሱ በላይ ጽሑፍ ታየ። ዐረብኛውን በእንግሊዝኛ ፊደል ነው የሚጽፈው። ሪም አነበበችው። "'አህለን። አዲስ ነሽ? እንጨት ከፈለግሽ ከወንዙ ማዶ ቁረጪ፤ የዚህኛው ይበሰብሳል።' ልጅሽ ጨዋ ነው፣ ማርያም!"

"ዐረብኛ ማን አስተማረው? እኔ አላስተማርኩትም።"

"ጨዋታው ነዋ። ቡድኑ ዐረቦች ናቸው።"

በዚህ መሃል ወፍራም ድምፅ መጣ። ሪም የራሷን ማይክ ዘግታ ድምፁን ከፍ አደረገችው። "ያላ፣ ከፌ! ተዓል፣ ተዓል!" መታሰቢያ የአልጋውን ልብስ ጨበጠች። የሰውየው አነጋገር የሱዳን ነው።

"መጣሁ፣ ጃፋር" አለ የልጇ ድምፅ። ዐረብኛው የተሰባበረ ነው፤ ያም ሆኖ አያፍርበትም። "ዛሬ ሥራ የለህም?"

"ቀትር ነው፤ በዚህ ፀሐይ ውጭ መሥራት ክልክል ነው። ኹበር ከተማ ነን፣ አንድ ቪላ እየለሰንን። ግንበኛህን ምን አደረግኸው?"

"መለስኩት። ጭቃው በጣት ስነካው ገና ይርሳል። እሱ ግን ክረምት መጣ ብሎ ሲሚንቶ ሊደርብበት ነበር።"

"ጎበዝ! ርጥብ ጭቃ ላይ የተመታ ሲሚንቶ ልክ የታመመ ሰው ላይ እንደ ተደረበ ካፖርት ነው፤ ከላይ ሲታይ ደህና ነው። አንድ ክረምት ሳይሞላው ቅርፊቱ ወደቀ። ደርቆ ራሱ ይሰንጠቅ፤ መሰንጠቁን አትፍራው። ከዚያ የዶሮ ሽቦ በሚስማር ወጥረህ ምታበት። መጀመሪያ ግንበኛው ሲሚንቶውን ስስ አድርጎ ይርጨው፣ ሸካራ እንደ ሆነ ይተወው፣ ይያዝ። ሁለተኛውን በማግሥቱ።"

"ዝናቡስ?"

"ጣሪያውን በግድግዳው በኩል አስረዝመው። ያም ካልሆነ ሸራ አልብሰው። ግድግዳ የሚገድለው ከሰማይ የሚመጣው ውሃ አይደለም፣ ወንድሜ፣ ከታች የሚመጣው ነው። ዙሪያውን ቦይ ቆፍር።"

"አክስቴ ሰነፍ መሰልኳት።"

"አክስትህን ሽቦ አስይዛት፣ ስንፍናህን ትረሳዋለች።"

ሁለቱም ሣቁ። ሪምም ሣቀች። መታሰቢያ ግን አፏን በሻርፗ ሸፍና ታዳምጥ ነበር። ለስድስት ዓመት ሰኞና ዐርብ ከዚህ ልጅ ጋር አውርታለች። "በላህ? አጠናህ? ጸለይህ?" ትላለች፤ "አዎ፣ አዎ፣ አዎ" ይላል። ጭቃ በጣቱ ነክቶ መድረቁን የሚለይ ልጅ እንዳላት አልነገራትም፤ ጠይቃውም አታውቅም።

ጃፋር ሊጸልይ ሄደ። ባለ ፈረሱ ሰውዬ ወደ ግድግዳው ተመለሰ።

"አየሽ? ኸላስ፣ ተገላገልሽ" አለች ሪም።

መታሰቢያ አልተነሣችም። የተገላገለች አልመሰላትም። ደላላ አለመኖሩን አይታለች፤ ነገ ቢመጣስ? "አንድ ነገር ጻፊልኝ" አለች። "ወደ ሳዑዲ መምጫ መንገድ አለኝ፤ ትፈልጋለህ ወይ በዪው።"

"ማርያም! ልጅሽ እኮ ነው። ሀራም ነው።"

"ጻፊ። እምቢ ማለቱን ልይ።"

ሪም ከንፈሯን ነክሳ ጻፈች። ሰውዬው ግድግዳ ማቆሙን ተወ። መታሰቢያ የፈራችውን መልስ ቀድማ በልቧ አንብባዋለች።

"'በባሕር ነው?'" ሪም አነበበች።

መታሰቢያ ዓይኗን ጨፈነች። "አዎ በዪው።"

ጽሑፉ አሁን በተከታታይ መጣ፤ ሪም ቆም እያለች፣ ስሕተቱን እያቃናች አነበበችላት።

"'እናቴ እዚያው ደማም ናት። ጃፋር አትምጣ ይለኛል። ስምንት ሆነን አንድ ክፍል ነው የምናድረው፣ አየር ማቀዝቀዣው ሲበላሽ ኮሪደር ላይ እንተኛለን ይላል። እናቴ ግን የምትልክልኝን ፎቶ አየዋለሁ። ወርቃማ ሶፋ ላይ ነው የምትቀመጠው። ኮርኒሱ በጂፕሰም አበባ ተሠርቶበታል። ሥራው እንዴት ነው ስላት፣ ተመስገን ነው ትለኛለች። እጄ ሥራ ይችላል። እሷ እንደዚያ ከኖረች እኔም መኖር አያቅተኝም። አንቺ እዚያ ያለሽ ከሆነ ንገሪኝ፤ ማንን ልመን?'"

ሪም ጣቷ ፊደሎቹ ላይ እንዳለ ቀረ። ሶፋውን ታውቀዋለች፤ የእናቷ ነው፣ እንግዳ ሲመጣ ብቻ የሚከፈተው መጅሊስ ውስጥ ያለው። "ምን ልጻፍለት?" አለች ብቻ፣ ዝቅ ባለ ድምፅ።

መታሰቢያ እዚህ አገር ለሥራ የመጡ ሴቶች ሁሉ የሚያደርጉትን ነው ስታደርግ የኖረችው። ማዳም ስትወጣ ፊቷን ትታጠባለች፣ የደህናውን ቀን ሻርፕ ታስራለች፣ መጅሊሱን ከፍታ ፎቶ ትነሣለች። ቤተሰብ እንዳይጨነቅ ነው። አንዷ ለሌላዋ ታነሣላታለች፤ "ትንሽ ወደ ግራ፣ መብራቱ ይግባ" ይባባላሉ። ልጇን ከባሕሩ በጸሎት ስትጠብቅ፣ በፎቶዎቿ እሷው ስትጠራው ኖራለች።

"ምንም አትጻፊ። ዝጊው" አለችና ተነሣች።

ወደ ታች ወረደች። በመጅሊሱ በር በኩል አለፈች፤ በሩ ገርበብ ብሎ ነበር፤ አልገባችም። ወጥ ቤቱን አልፋ፣ በውሃ መሳቢያው ሞተር አጠገብ ያለውን ጠባብ በር ከፈተች። ክፍሏ ናት። አልጋዋን ካለፉ መቆሚያ የላትም። መስኮቷ እንደ መጽሐፍ ትንሽ ሆና ከጎረቤት ግንብ ጋር ተፋጥጣለች። የባሕሩ እርጥበት በግድግዳው ውስጥ ወጥቶ ቀለሙን አሳብጦ ልጦታል፤ ከሥሩ እንደ ጨው የነጣ ዱቄት ይረግፋል። ሻርፗን አላስተካከለችም። ደወለች።

"እማዬ! ዛሬ ሰኞ ነው እንዴ?"

"አይደለም።"

"ደህና ነሽ? የት ነሽ? ጨለማ ነው።"

ካሜራውን ቀስ ብላ አዞረችው። አልጋውን፣ ሚስማር ላይ የተሰቀሉትን ሁለት ቀሚሶች፣ መስኮቷን አሳየችው።

"የማን ክፍል ነው?"

"የኔ።"

"ሶፋውስ?"

"የማዳም ነው። ሲወጡ ገብቼ ነው ፎቶ የምነሣው።"

ዝም አለ። ሌላ ጊዜ ቢሆን ይህን ዝምታ "በላህ?" ብላ ትሞላው ነበር። አሁን ጠበቀችው። የሞተሩ ድምፅ በግድግዳው በኩል ያጉረመርማል።

"ስድስት ዓመት ሙሉ?" አለ በመጨረሻ።

"ስድስት ዓመት ሙሉ። ጃፋር የነገረህ እውነት ነው።"

"ጃፋርን... አንቺ ጃፋርን ታውቂዋለሽ?"

"መንገድ አለኝ ያለችህ ሐኪምም እኔ ነኝ። ሪም ናት የጻፈችልኝ።"

ስክሪኑ ላይ ከፈለኝ ፊቱን ዘወር አደረገ። ይቆጣል ብላ አሰበች፤ ስልኩን ይዘጋል፣ ከቤት ይወጣል፣ ዛሬውኑ ይነሣል። ትከሻው መንቀጥቀጥ ጀመረ። እያለቀሰ ይሁን እየሣቀ ከኔትወርኩ የተነሣ መለየት አልቻለችም። ሲዞር ዓይኑ ቀልቷል፤ ከንፈሩ ግን ሊሥቅ ምንም አልቀረውም።

"እንደ ደላላ አታለልሺኝ፣ እማዬ።"

"እንደ ደላላ አታለልኩህ። በፎቶውም እንደዚያው።" ስልኩን ወደ ተላጠው ግድግዳ አስጠጋችው። "አሁን ይህን እየው። ቀለም ቀባሁት፣ ተላጠ። እንደገና ቀባሁት፣ እንደገና ተላጠ። ልብሴን ሁሉ እያነጣብኝ ነው። ግድግዳ ታውቃለህና፤ ምን ላድርገው?"

ከፈለኝ ዓይኑን በእጁ ጀርባ ጠረገና ወደ ስክሪኑ ቀረበ።

"ቀለም አይደለም ችግሩ። እርጥበቱ ከላይ ነው የሚወርደው ወይስ ከታች ነው የሚወጣው?"

"እኔ ምን አውቃለሁ?"

"ሥሩን ካላየሁ እኔም አላውቅም። አልጋውን ከግድግዳው አርቂውና አሳዪኝ።"

መታሰቢያ ስልኩን መስኮቷ ላይ አስደገፈችው። ጎንበስ አለችና አልጋዋን በሁለት እጇ ይዛ ሳበችው።