በቀይ የተሰረዙት ማጣቀሻዎች

ሥራዬ መቁጠር ነው። በዩኒቨርሲቲው ቤተ መጻሕፍት ሦስተኛ ፎቅ ተቀምጬ፣ የትኛው ጆርናል በሌሎች ጽሑፎች ስንት ጊዜ እንደተጠቀሰ እቆጥራለሁ። ሰው ሲሰማ ያዛጋል። እኔ ግን እወደዋለሁ፤ ማን ማንን እንዳነበበ ማወቅ ከሐሜት አይተናነስም።

ባለፈው ወር የቲዎሬቲካል ባዮሎጂው ጆርናል ተራ ደረሰ። ሕያዋንን በሒሳብ የሚመረምር፣ በዓመት ሃያ ጽሑፍ የሚያወጣ ቀጭን ጆርናል ነው። ጆርናሎችን የሚገመግመው የዩኒቨርሲቲው ኮሚቴ ቁርጡን ተናግሯል፦ ባለፉት ሁለት ዓመታት የወጡት አርባ ጽሑፎች ዘንድሮ ቢያንስ አርባ ጊዜ ካልተጠቀሱ ይዘጋል። አዘጋጁ ያስተማሩኝ ጋሼ ናቸው፤ ሠላሳ ዓመት ብቻቸውን ተሸክመውታል። የእኔም አንዲት ጽሑፍ፣ የዛፍ ሥር ውሃ ወዳለበት እንዴት እንደሚታጠፍ በስሌት የምታሳይ፣ በወጣትነቴ እዚያው ወጥታ ነበር። አንድም ሰው ስላልጠቀሳት ምርምሩን እርግፍ አድርጌ ተውኩት።

ቆጠርኩ። አሥራ አንድ።

ደግሜ ቆጠርኩ፤ ያው አሥራ አንድ። አንድ ነገር ግን ከነከነኝ። ዘንድሮ በጆርናሉ ስለ ጉንዳን መንገድ የወጣው ጽሑፍ «ቀደም ሲል እንደተረጋገጠው» ይልና ማን እንዳረጋገጠው ሳይናገር ያልፋል። ስሌቱ ደግሞ አምና በዚያው ጆርናል የወጣው ራሱ ነው። ቀጣዩም ጽሑፍ እንዲሁ። እነዚህ ሁሉ ሰዎች ሌቦች ናቸው እንዴ?

ጋሼ ቢሮ ሄድኩና ጸሐፊዎቹ መጀመሪያ የላኩትን ረቂቅ አሳዩኝ አልኳቸው። ወረቀት ካልሆነ ስለማያነቡ ሁሉንም አትመው ያስቀምጣሉ።

«ምን ያደርግልሻል?» አሉ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው።

«እንዲሁ ለማየት ነው።»

«አንቺ ድሮም ጥያቄ አታጪም» ብለው የቁም ሳጥኑን ቁልፍ ሰጡኝ።

የመጀመሪያውን ስገልጥ አፌን ይዤ ቀረሁ። ጆርናሉ በተጠቀሰበት ቦታ ሁሉ ቀይ መስመር ተጋድሟል።

«ጋሼ፣ ይሄን ማን ሰረዘው?»

«እኔ ነኛ! በገዛ ቤታችን ራሳችንን ስናሞካሽ ሰው ምን ይለናል?»

«ሠላሳ ዓመት ሙሉ?»

«አንድም አላመለጠኝም» አሉ ኮራ ብለው።

ምን ልበላቸው? አንጀቴን በሉኝ። ጆርናሉን ሊያስዘጋው የደረሰው ይሄው ጨዋነታቸው መሆኑን ቀስ ብዬ አስረዳኋቸው። ወንበር ስበው አጠገቤ ተቀመጡና የተሰረዘውን አብረን ቆጠርን። የዘንድሮው ብቻ ሠላሳ አራት ሆነ፤ ከአሥራ አንዱ ጋር አርባ አምስት።

«ታዲያ ይሄ ይቆጠራል?»

«ያልታተመ አይቆጠርም። ግን ረቂቆቹን ለኮሚቴው አሳያለሁ።»

ልማዱ የቆየ መሆኑን ለማስረዳት ከታችኛው መደርደሪያ የድሮዎቹንም አወረድኩ። አራተኛው ረቂቅ ላይ የራሴን ስም አየሁ፣ በቀይ ተሰርዞ። ቀጥሎ ሌላ ረቂቅ ላይ። በድምሩ ስድስት ሰዎች ጽሑፌን ጠቅሰው ነበር። ደሜ ፈላ፤ ከደስታም ብዛት እንባ እንባ አለኝ።

ጋሼ ገጹን አዩ፤ እኔን አዩ። ቀዩን እስክሪብቶ ከኪሳቸው አውጥተው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ።

«ልጄ፣ እኔ እኮ...» ብለው ሳይጨርሱት ቀሩ።

ኮሚቴው ረቂቆቹን አይቶ አንድ ዓመት ጨመረልን። አሁን የሚመጣውን ጽሑፍ መጀመሪያ የማነበው እኔ ነኝ። የዛፍ ሥሩንም ስሌት ካቆምኩበት ቀጥያለሁ። ለካ ስድስት ሰው አንብቦኝ ኖሯል።