ያልደረቀ ቅባት

ታረቀኝ ከሉማሜ ወጣ ብሎ ሞፈርና ቀንበር እየጠረበ የሚኖር እንጨት ሠሪ ነው። ጣሊያን በገባ በሁለተኛው ዓመት፣ በጥቅምት፣ ባንዳው ደርቤ ጠመንጃ አንግቦ ከደጁ ቆመ። ታረቀኝ ጠመንጃውን ገና ከሩቅ ለየው። ሰደፉን ከወይራ የጠረበው እርሱ ራሱ ነበር፤ ለታላቅ ወንድሙ ለቢያዝን። ደርቤ ቢያዝንን ከኋላው ተኩሶ ገድሎ ነው ጠመንጃውን የወሰደው።

"ክረምቱ ሰደፉን ሰነጣጠቀው" አለ ደርቤ። "ነገ ደብረ ማርቆስ የጣሊያኑ ሹም ፊት እሰለፋለሁ። ቀብተህ አሳምርልኝ።"

"ሌላ እንጨት ሠሪ አጣህ?"

"ጠራቢው አንተ፤ ሌላ ቤት ምን ያንከራትተኛል? ደግሞስ ስምህ ታረቀኝ አይደል? እንታረቃ።"

ጥይቱን አራግፎ ዝናሩ ውስጥ ከተተና እየሳቀ ጠመንጃውን አቀበለው።

ታረቀኝ የኑግ ዘይት በሸክላ ለብ አደረገ። ደንቡን ያውቀዋል፤ በጨርቅ ስስ አድርጎ መቀባት፣ መዳፍ እስኪግል ማሸት፣ የተረፈውን መጥረግ፣ ፀሐይ ላይ ማቆም። የመጀመሪያውን ቅብ በደንቡ ሠራ። እንጨቱ ጠጣው። የወንድሙ ጉንጭ ያለሰለሰው ቦታ ላይ ሲደርስ ጣቱ ቆመ፤ ጥርሱን ነክሶ ቀጠለ። የመጨረሻውን ግን አፈሰሰበት እንጂ አልጠረገውም።

ደርቤ ጥላ ሥር እንደ ተጋደመ "አልደረቀም?" አለ።

"አልደረቀም።"

"ምን ዓይነት ነገር ነው የማይደርቅ?"

"ያለ ቀኑ የፈሰሰ ነገር ቶሎ አይደርቅም።"

ቅኔው ለደርቤ ዘግይቶ ገባው። ፈገግታው ጠፋ። ተነሥቶ መጣና "አምጣ" ብሎ ሰደፉን ጨበጠ። ታረቀኝ አፈሙዙን ይዞ ነበር፤ አልለቀቀም። ደርቤ በሁለት እጁ ሲስብ ዘይቱ አሙለጨለጨውና በጀርባው ወደቀ። ታረቀኝ ጠመንጃውን እንደ መጥረቢያ አነሣው።

"ታረቀኝ፣ ስለ ማርያም" አለ ደርቤ።

"ቢያዝን ይህችን ለማለት እንኳ ጊዜ አላገኘም።"

መታው። ደግሞ መታው።

ደሙ ወደ እንጨቱ አልገባም፤ ዘይት ጠግቦ ነበርና በጨርቅ ሲጠርገው ለቀቀ። ዝናሩን ፈትቶ ታጠቀ፤ ጠመንጃውን አጎረሰና አርበኞቹ ወዳሉበት ተራራ አቀና። ሰደፉ ከእጁ እየሾለከ ስላስቸገረው፣ የተረፈውን ዘይት በመዳፉ እያሸ ሄደ።