ትክክለኛው ፎቶ

«ይሄ ደግሞ ማነው? ወንድሙ ነው እንዴ?» አለች አንዷ ለቀስተኛ፣ አጠገቧ ወደተቀመጠችው ጎረቤት ዘንበል ብላ። ድምጿን ዝቅ ያደረገች መስሏታል፤ በር ላይ የሻይ ትሪ ይዛ የቆመችው የሟቹ ልጅ ሳትቀር ግን ሰምታታለች።

ጠረጴዛው ላይ የቆመው ፎቶ ከሟቹ መንጃ ፈቃድ ላይ ተወስዶ በግድ የተለጠጠ ነው። ጥቁር ፂም ያለው ጎረምሳ፣ የማኅተም ግማሽ ግንባሩ ላይ አርፎበት፣ የሚያየውን ሰው ሁሉ ይገላምጣል። ይሄ ጎረምሳ በዚህ ሳምንት የተቀበረው ጡረተኛ የአውቶቡስ ሾፌር መሆኑን ለማመን ቤተሰብ መሆን ያስፈልጋል።

«እሱ ለጊዜው ነው» አለች እናትየው ከተቀመጠችበት ሆና። «ትክክለኛውን ልጄ ታመጣዋለች። ዓመት ሙሉ እሱን ስታነሳ አይደል የከረመችው? ሰው ሳይበተን በትልቁ ታትሞ እዚህ ይቆማል።»

ሴቶቹ ሁሉ ዞረው ልጅቷን አዩዋት።

«አዎ» አለች። ሌላ ምን ትበል?

ፎቶዎቹ የሉም። በገዛ እጇ አጥፍታቸዋለች፤ ይህንን ደግሞ ከእሷ በቀር የሚያውቅ የለም።

ሥራዋ ልብስ ፋብሪካ ውስጥ ቁልፍ መትከል ነው፤ ልቧ ያለው ግን ፎቶ ላይ ነው። ካሜራዋ ስክሪኑ የተሰነጠቀ፣ ባትሪው ቶሎ የሚደክም፣ በስንት ሰው እጅ እንዳለፈ የማይታወቅ አሮጌ ነው። ኮርስ ለመግባት አቅሟ አልፈቀደም። የሰፈሩ ፎቶ ስቱዲዮ ባለቤት ሥራ ሲቀዘቅዝበት የሚወረውርላትን ምክር እየለቃቀመች ቤት ትመጣና አባቷ ላይ ትሞክረዋለች። አባትየውም እሺ ባይ ነበር። «እኔ ዕድሜ ልኬን ተቀምጬ እንጀራዬን የበላሁ ሰው ነኝ፤ እንደፈለግሽ አንሺኝ» ይላታል መስኮቱ አጠገብ ወንበሩን እየሳበ። «ትንሽ ወደ ቀኝ ዙርልኝ» ስትለው መሪ የያዘ ይመስል ሁለት እጁን ያዞራል።

የካሜራዋ ካርድ አንድ ብቻ ነበር፤ እሷም ትንሽዬ። ቤት ውስጥ ኮምፒውተር የለም። የስቱዲዮው ሰውዬ ባገኛት ቁጥር «ገልብጪ! ካርድ ዕቃ ቤት አይደለም» ይላታል፤ እሷ ደግሞ «ነገ» ትላለች። ከዚያ አንዲት የሥራ ባልደረባዋ የልጇን ልደት እንድታነሳላት ጠየቀቻት። በሕይወቷ የመጀመሪያው የሚከፈልበት ሥራ! ደርሳ ካሜራውን ስትከፍት ካርዱ ጢም ብሎ ሞልቷል። ኬኩ ሊቆረስ ነው፣ ልጆቹ ይንጫጫሉ፣ ሰዉ ዓይኑን እሷ ላይ ተክሏል። አንድ በአንድ እየመረጡ ለማጥፋት ፋታ አልነበረም። አባዬን እንደሆነ መቼም አገኘዋለሁ፣ የትም አይሄድ አለችና ሁሉንም ደመሰሰችው።

በሳምንቱ አባትየው ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠ ልቡ ቆመ። ያቺ «የትም አይሄድ» ከዚያ ወዲህ አልለቀቀቻትም።

ትሪውን ይዛ ኩሽና ስትገባ ታላቅ ወንድሟ ተከተላት።

«ካርዱን ስጪኝና ላሳትመው። እማ መውጫ መግቢያ አሳጥታኛለች።»

«እኔ አሳትመዋለሁ።»

«መቼ? ነገ ከሰዓት እኮ ሰው ይበተናል። የአባዬ ፎቶ የነበረበት የድሮ ስልኬ ባይሰረቅ ኖሮ አንቺን ማን ይለምን ነበር?» ጠጋ ብሎ አያት። «ምን ሆነሻል? ፊትሽ አመድ መስሏል።»

«አባቴ ሞቶ ምን እንድመስል ፈለግህ?» አለችው። ወንድሟ አፍሮ ወጣ። እሷ ደግሞ በአባቷ ሞት መሸሸጓ ራሷን አስጠላት፤ ቧንቧውን ከፍታ የታጠቡትን ብርጭቆዎች እንደገና ማጠብ ጀመረች።

ሳሎን ውስጥ የሟቹ የድሮ ረዳት እያወሩ ነበር። አብረው ያረጁ ሰው ናቸው፤ ዛሬም ሲያወሩ በየመሐሉ የአውቶቡስ በር እንደሚዘጉ ክንዳቸውን ይወረውራሉ።

«ጋሼን ሲስቅ ያየ ሰው ካለ ይነሳና ይመስክር! እኔ አላየሁም። ግን አንዲት ሴትዮ ከኋላ ስትሮጥ በመስታወት ካየ፣ ተሳፋሪው በሙሉ ቢሰድበው ይቆምላታል። ከዚያ ስትገባ ይቆጣታል! ‹ምነው ቀደም ብለሽ ብትወጪ?› ይላታል። ሴትየዋ ታመስግነው ትስደበው ግራ ይገባታል።»

ለቀስተኛው ሀዘን ቤት እንደሚሳቀው፣ አፉን በእጁ እየያዘ ሳቀ። እናትየው ግን አንገቷን ደፋች።

ልጅቷ ኩሽና በር ላይ እጇ ውሃ እያንጠባጠበ ቆማ ቀረች። ስቋል እኮ! ከእሷ ጋር ስቋል፤ ድምፁ አሁንም ጆሮዋ ውስጥ አለ። ፊቱን ለማስታወስ ሞከረች፤ እምቢ አላት። ፎቶ ስታነሳው ዓይኗ የካሜራው ቁጥሮች ላይ ነበር፣ ብርሃኑ በዛ አነሰ፣ ፎከሱ ያዘ አልያዘ እያለች። ዓመት ሙሉ ፊት ለፊቷ አስቀምጣው አላየችውም። ይሄ ሐሳብ ከእናቷ ቁጣ በላይ አስፈራት።

በማግስቱ ማለዳ «ላሳትም» ብላ ወጣች። እናቷ ከኋላዋ «በትልቁ!» አለቻት።

የስቱዲዮው ሰውዬ ነገሩን ሲሰማ መነጽሩን አወለቀ።

«ካጠፋሽ በኋላ አንስተሽበታል?»

«ልደቱን።»

«ከልደቱ በኋላስ?»

«ካሜራውን ነክቼው አላውቅም።»

«ጎሽ። ልደቱ የተኛበት ቦታ ላይ የነበረው ሄዷል፤ እርምሽን አውጪ። ያልተነካ ቦታ ካለ ግን የጠፋ የሚፈልግ ፕሮግራም አለኝ፤ እሱ ፈልፍሎ ያወጣዋል። ተቀመጪ።»

አልተቀመጠችም። ካርዱ የተሰካበት ኮምፒውተር ላይ አንዲት አረንጓዴ መስመር እንደ ቀንድ አውጣ ትሳባለች። መጀመሪያ ፊኛ መጣ፣ ከዚያ ኬክ፣ ከዚያ ክሬም የቀባው የሕፃን አፍንጫ። እንደገና ኬክ። ከዚያ ግራጫ ብቻ የሆኑ፣ የማይከፈቱ ፋይሎች ተደረደሩ። ስልኳ ጮኸ፤ ወንድሟ ነው። አላነሳችም። እንደገና ጮኸ፤ አጠፋችው።

«ይሄ የናንተ ቤት ነው?» አለ ሰውየው።

መስኮቱ! የአባቷ ወንበር፣ የአባቷ ሹራብ፣ የአባቷ ወፋፍራም ጣቶች። ፊቱ መሆን ያለበት ቦታ ላይ ግን ነጭ ወረቀት አለ። የሚቀጥለውም እንደዚያው። ከዚያ የሚቀጥለውም።

«ምንድነው ይሄ? ምን አስይዘሽው ነው?»

ልጅቷ ትዝ አላት። ማታ ማታ በክፍሉ አምፖል ብርሃን የምታነሳው ሁሉ ቢጫ እየሆነ አስቸግሯት ነበር። ይሄው ሰውዬ ራሱ «ነጭ ነገር አሳዪው፤ ካሜራው ነጭ ምን እንደሆነ ይወቅ፣ ቀለሙ ይስተካከላል» ብሏት ነበር። ለዚህ የሚሸጠውን ካርቶን መግዛት ስላልቻለች የግድግዳ ካላንደር አንድ ገጽ ቀድዳ ጀርባውን አዙራ «ፊትህ ላይ ያዝልኝ» አለችው። ያዘላት። እሷ ቁልፉን እየሳተች ደጋግማ ስታነሳ፣ አባትየው ከወረቀቱ ጀርባ «አንቺ፣ ይሄን ካሜራ ነጭ እንኳ ሳያውቅ ነው የሸጡልሽ?» አለ። በራሱ ቀልድ ሳቀ፤ ሆዱን እስኪያመው፣ ወንበሩ ሲጥ ሲጥ እስኪል ሳቀ። እሷ «አትንቀሳቀስ አባዬ!» ብላ ተቆጣችው።

«አንድ ቀርቷል» አለ ሰውየው።

የመጨረሻው ላይ አባቷ ወረቀቱን እስከ አፍንጫው ዝቅ አድርጎ፣ ከላይ ብቅ ብሎ እያያት ነበር። «ጨረስሽ?» ሊላት። ግንባሩ አለ፣ ሽበቱ አለ፣ በሳቅ የተጨማደዱት ዓይኖቹ አሉ። ከዚያ በታች ያለው ሁሉ ወረቀት ነው።

«በትልቁ አትምልኝ» አለችው እያለቀሰች።

ቤት ስትደርስ ሰዉ ገና አልመጣም። እናቷ ብቻዋን ወንበሮች ታስተካክል ነበር። ልጅቷ ፎቶውን ከነፖስታው ዘረጋችላት፤ መንገድ ላይ ያዘጋጀችው ንግግር ሁሉ ድራሹ ጠፋ።

እናትየው አውጥታ አየችው። አገላበጠችው።

«ሌሎቹስ?»

«የሉም እማ። አጥፍቻቸዋለሁ። ካርዱ ሞልቶብኝ... ለልደት ብዬ... መቼም አገኘዋለሁ ብዬ ነው።»

«ሁሉንም?»

«ሁሉንም።»

«ሰው ሁሉ ፊት አፌን ሞልቼ...» ብላ እናትየው አቋረጠች። የአንገቷ ሥር ተገትሯል። ልጅቷ ስድቡን ጠበቀች፤ እንዲያውም በመጣልኝ አለች በሆዷ። ግን እናቷ ወደ ፎቶው ተመልሳለች። ወደ መስኮቱ ጠጋ አለች፤ ፎቶውን ወደ ብርሃኑ አዘነበለችው።

«እየሳቀ ነው?»

«አዎ እማ።»

«ጮክ ብሎ?»

«ወንበሩ ሲጥ ሲጥ እስኪል።»

እናትየው እዚያው መስኮቱ ሥር ቁጭ አለች። «ያኔ አውቶቡሱ ተጋጭቶ፣ አፉ መሪው ላይ አርፎ የፊት ጥርሶቹ ከረገፉ ወዲህ ሰው ፊት ስቆ አያውቅም» አለች። «እኔም ፊት ቢሆን። ሳቁ ሲመጣበት ተነስቶ ይወጣ ነበር። ቆንጆ ሳቅ ነበረው፤ እኔን ያገባኝ በሱ ነው።»

«ወረቀቱ ሸፍኖት ስለነበር ይሆናላ» አለች ልጅቷ።

እናትየው አውራ ጣቷን ፎቶው ላይ፣ የወረቀቱ ጠርዝ ጋ፣ ልክ ከዓይኖቹ ሥር አሳረፈችና ወረቀቱን ከፊቱ ላይ እንደሚያወርድ ሰው ቀስ ብላ ወደ ታች ሳበች። ጣቷ ፎቶው እስኪያልቅ ወረደ። መልሳ ወደ ላይ ወሰደችና እንደገና ሳበችው።