አንድ «ይቀንሳል»

የከተማው ሰው «ወይዘሪት ሩብ» ይላታል። ስሙን ያወጣላት ፀጉር አስተካካዩ ነው። በየሦስት ወሩ ክላሴሯን በደረቷ አቅፋ ከሱቅ ሱቅ ስትዞር ባየ ቁጥር፣ መቀሱን እንደያዘ በር ላይ ወጥቶ «መጣች ወይዘሪት ሩብ! ዓመቱን እንደ ዳቦ አራት ቦታ የምትቆርሰው!» ብሎ ይጮህባታል። መጀመሪያ ያናድዳት ነበር፤ ኋላ ለመደችው።

ሥራዋ ለስታቲስቲክስ ቢሮ መረጃ መሰብሰብ ነው። አርባ ድርጅቶች ተመድበውላታል፤ ትንሹ የፀጉር አስተካካዩ ክፍል፣ ትልቁ የጆንያ ፋብሪካው። ጥያቄዎቹ አሥራ አንድ ናቸው፣ ለሁሉም ያው። ስንት ሠራተኛ አለ፣ ገበያው ካለፈው ሩብ ዓመት እንዴት ነው እያለ ይሄድና፣ መጨረሻ ላይ «በሚቀጥሉት ሦስት ወራት ሥራዎ ምን ይሆናል ብለው ይጠብቃሉ?» ይላል። ይሻሻላል፣ ባለበት ይቀጥላል ወይም ይቀንሳል፤ ከሦስቱ በአንዱ ላይ ምልክት ማድረግ ነው።

ያን ሰሞን ከተማው በሙሉ «ይሻሻላል» ሆኖ ነበር። ጆንያ ፋብሪካው ሁለተኛ ፈረቃ ሊጀምር ነው የሚል ወሬ ተናፍሷል። ወሬውን ማን እንዳመጣው የሚያውቅ የለም፣ ግን ሁሉም በየፊናው መሰናዳት ይዟል። ልብስ ሰፊዋ ሁለት ልጆች ቀጥራ የቱታ አሰፋፍ ታስተምራለች። ፀጉር አስተካካዩ ሳይቀር ሦስተኛ ወንበር አስገብቷል።

ማክሰኞ ረፋድ ላይ ፋብሪካው ደረሰች። ሌላ ጊዜ ቅጹን የምትሰጣት ጸሐፊዋ ነበረች። የዛሬውን ግን ሥራ አስኪያጁ ራሱ ቢሮው አስጠርቶ በፖስታ ሰጣት። ከመጣ ገና ስምንት ወሩ ነው፤ መነጽሩን ሳይቆሽሽ የሚወለውል ቀጭን ሰውዬ። ባዶ የተተወ ሳጥን እንዳይኖር እዚያው ማየት ደንብ ነውና ፖስታውን ከፈተችው። አሁን ያሉ ሠራተኞች፦ ሁለት መቶ አሥራ ሁለት። በሚቀጥለው ሩብ ዓመት የሚጠበቁ፦ ስልሳ።

«ጌታዬ፣ እዚህች ጋ ቁጥር ዘለው ይሆን? ሁለት መቶ ስልሳ ለማለት ነው?»

«ስልሳ ነው።»

ዝቅ ብላ ስታይ የመጨረሻው ምልክት «ይቀንሳል» ላይ ነው። «ስልሳ ብቻ?»

«ትልቁ ደንበኛችን ወደ ፕላስቲክ ከረጢት ዞሯል። ዋናው መሥሪያ ቤት ወስኖ ጨርሷል። ለሠራተኛው የሚነገረው ወሩ ሲያልቅ ነው።» ጣቱን ቅጹ አናት ላይ፣ የተሰጠው መረጃ በምስጢር ይያዛል የሚለው መስመር ላይ አሳረፈ። «እስከዚያ ድረስ እኔና አንቺ ብቻ ነን የምናውቀው።»

ሥራ አስኪያጁ ያላወቀው ነገር ቢኖር፣ ከጥገና ክፍሉ አንጋፋ መካኒኮች አንዱ የዚህች ልጅ ታላቅ ወንድም መሆኑን ነው። ግቢውን ስታቋርጥ ወንድምየው ግራሶ በነካው እጁ ከበሩ ላይ አውለበለበላት። «አንቺ! ምሳ ሳትበዪ እንዳትዞሪ!» አላት። ሳቅ ልትልለት ሞከረች፣ ፊቷ ግን እንቢ አላት።

የምትኖረው ከእሱ፣ ከሚስቱና ከሁለት ልጆቻቸው ጋር ነው። ሁለት ሰዓት በአውቶቡስ ከሚያስኬድ ጎረቤት ከተማ ያለ የዱቄት ፋብሪካ ለወንድሟ የሥራ ጥሪ ከላከለት ሳምንት ሆኖታል። መልስ የሚጠብቁት እስከ ቅዳሜ ነው። እሱ ደግሞ ልቡ እዚሁ ነው። ሃያ አንድ ዓመት ያገለገለበት ቤት፣ ሁለተኛው ፈረቃ ሲጀመር የክፍል ኃላፊ ትሆናለህ የተባለበት።

ረቡዕ ሥራዋን ቀጠለች፣ እግሯ ግን አንድ ቦታ አልቆም አላት። የተሰጣትን ወንበር ትታ ቆማ ትጠይቃለች። ጥያቄ ትዘልና ተመልሳ ትመጣለች። ዳቦ ቤቱ ስትደርስ ጋጋሪው እጁ እስከ ክርኑ ዱቄት ለብሶ በፈገግታ ተቀበላት።

«ይሻሻላል በዪልኝ! እንዲያውም ካለሽ ከይሻሻላል በላይ ያለውን ሙዪልኝ። የሊጥ ማቡኪያ ማሽን ላዝ ነው፤ ቀብዱን ሰኞ እሰጣለሁ።»

እስክሪብቶዋ ሳጥኑ ላይ ቀረ። «ትንሽ ቢያቆዩትስ?»

«ለምን?»

«እንዲሁ ነው።»

ጋጋሪው ሳቀ። «ከመቼ ወዲህ ነው ከመጠየቅ ወደ መምከር የተዛወርሽው?»

ምልክቱን አድርጋ ወጣች። ሠላሳ ስምንተኛው «ይሻሻላል» መሆኑ ነው። ወደ ቤት አቀናች። ምስጢር ልትጠብቅ የማለችው ሥራ ስትቀጠር፣ በሰው ፊት፣ እጇን አንስታ ነው። የአንዱን ጓዳ ለሌላው ካወራች ነገ ማን እውነቱን ይነግራታል? ደግሞ ዝም ብትል ሰዉ ሁሉ ዓይኑ እያየ ገደል ሊገባ ነው። ይህን ስታወጣ ስታወርድ ቤቷን አልፋ ሄዳ፣ ከሁለት መታጠፊያ በኋላ ነው የነቃችው።

ማታ እራት ላይ ወንድሟ «ቁርጤን አውቄያለሁ። የዱቄቱን እምቢ ልላቸው ነው» አለ። ሚስቱ እፎይ ብላ ልጆቿን አየች። ወይዘሪት ሩብ ተነሥታ የታጠቡትን ሳህኖች እንደገና ማጠብ ጀመረች።

«ደህና ነሽ ግን?» አለቻት የወንድሟ ሚስት።

«ደህና ነኝ እትዬ። ቅባት ቀርቶባቸው ነው።»

ሐሙስ ጠዋት፣ ሳትጠራ፣ ሥራ አስኪያጁ ቢሮ ገባች።

«ይንገሯቸው» አለችው ገና ሳትቀመጥ። «ሰዉ በሁለተኛው ፈረቃ ተማምኖ ዕቃ እያዘዘ፣ ሰው እየቀጠረ ነው። የሌላ ቦታ ሥራ የሚመልስም አለ።»

«ትእዛዝ ሳይደርሰኝ? እኔም እኮ ተቀጣሪ ነኝ እህቴ።»

«ታዲያ ለምን እውነቱን ሞሉት? ባለበት ይቀጥላል ብለው ቢጽፉ ማን ይጠይቅዎት ነበር?»

ሰውዬው መነጽሩን አወለቀ። «ስምንት ወር ሙሉ እዚህ ግቢ ውስጥ የዋሸሁት በቃኝ። አንድ ወረቀት ላይ እንኳ እውነቱን ልጻፍ ብዬ ነው። ደግሞስ ማን ያነበዋል ብዬ!»

«እኔ አነበብኩት።»

መነጽሩን መልሶ መወልወል ያዘ። ትንሽ ጠብቃ ወጣች።

ዓርብ ወንድሟ ደብዳቤውን ለመጻፍ አስፈቅዶ ስምንት ሰዓት ላይ ቤት ገባ። ተጣጥቦ ጠረጴዛው ላይ ወረቀት ዘረጋ። «ስላደረጋችሁልኝ ጥሪ እያመሰገንኩ» የሚለውን በትልልቁ ሲጽፍ ከጀርባው ቆማ አየችው። ወደ በሩ ሄደች፣ ወደ መስኮቱ ሄደች፣ ተመልሳ መጣች።

«አንቺ ልጅ፣ መሬቱን በሳሽው እኮ! ተቀመጪ።»

«ጋሼ፣ አትላከው።»

«ምኑን?»

«ደብዳቤውን። ሂድላቸው። ለምን ብለህ አትጠይቀኝ።»

ዞር ብሎ አያት። እያያት ሳለ ፊቱ ቀስ በቀስ ተለወጠ። እዚህ ቤት ውስጥ ክላሴሯ ምን እንደሚይዝ የማያውቅ የለም።

«ስንት ሰው?» አለ። ወደ መስኮቱ ዞረች። «ስንት ሰው ነው የሚባረረው፣ አንቺ!»

«ስልሳ ነው የሚቀረው።»

«መቼ ነው ያወቅሽው?»

«ማክሰኞ።»

«ማክሰኞ።» ቀናቱን በጣቱ ቆጠረ። «አራት ቀን ሙሉ ከእኔ ጋር ከአንድ ገበታ እየበላሽ?»

«ምያለሁ እኮ ጋሼ...»

አላስጨረሳትም። ሸሚዙን ሳይቆልፍ ወጣ። ወደ ስልክ ቤት የሄደ መስሏት ነበር። እሱ ግን ያቀናው ወደ ፋብሪካው በር ነው። ሠራተኛው አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ሲለቀቅ መንገዱ መሐል ቆሞ የሰማውን ተናገረ። ከየት እንደሰማው ግን ትንፍሽ አላለም። መቶ ምናምን ሰው ቢሮው ፊት ተሰበሰበ። ሥራ አስኪያጁ ብዙም አላስጠበቃቸውም፤ ኮቱን እንኳ ሳይደርብ ወጥቶ ሁሉንም ነገራቸው። ከማን ሰማችሁ ግን አላለም።

ቅዳሜ ወንድሟ ለዱቄት ፋብሪካው እሺታውን በስልክ ተናገረ። ጋጋሪው ማሽኑን ተወው። ልብስ ሰፊዋ ሁለቱን ልጆች እያለቀሰች አሰናበተች።

ሰኞ ወይዘሪት ሩብ አለቃዋ ዘንድ ገብታ «የነገርኩት እኔ ነኝ» አለች።

አለቃዋ በሩን ዘጋ። «ማን ጠየቀሽ? ማንም አልከሰሰሽም እኮ!»

«ማንም ባይጠይቀኝም የማልኩት ለእርስዎ ነው።»

ከሥራ አላባረራትም። ክላሴሩን ተቀብሎ የኋላው ክፍል አስቀመጣት፤ ቅጾችን ኮምፒውተር ላይ እንድትገለብጥ። ነገሩ ግን በዚያ አላበቃም። በትንሽ ከተማ ወሬ መሄጃ አያጣም፣ ከማን አፍ እንደወጣ በሳምንቱ ታወቀ። ግማሹ መንገድ ላይ አስቁሞ ይመርቃታል። ግማሹ ፊቱን ያዞርባታል። በሚቀጥለው ሩብ ዓመት በእሷ ቦታ የተተካው መረጃ ሰብሳቢ አሥራ ሰባት ቅጽ ባዶውን ይዞ ተመለሰ። ፀጉር አስተካካዩ ስንት ወንበር እንዳለው እንኳ አልናገርም ብሎት ነበር። «ለእናንተ የነገርነው ማታውኑ መንደር ይዞራል» አለ አሉ። ይህን ስትሰማ እጇ ከቁልፎቹ ላይ ተነሣ። ምን ያህል እንደተበላሸ የገባት ያኔ ነው። የሆነ ሆኖ ባዶዎቹን ባዶ ብላ መዘገበች። የፋብሪካውንም አስገባች፦ አሁን ያሉ ሠራተኞች ሰባ አንድ፣ ከተባለው በአሥራ አንድ የሚበልጥ።

ወንድሟ ቀድሞ ለብቻው ነበር የሄደው። በሄደ በአራተኛው ወር መጨረሻ ቤተሰቡን ሊወስድ ጭነት መኪና ይዞ መጣ። በዚያ ሁሉ ጊዜ ከሚስቱ ጋር እንጂ ከእሷ ጋር በስልክ አላወራም። ልጆቹ ጋቢና ውስጥ ለመስኮት ይጣላሉ። ፍራሹ፣ ወንበሩ፣ ድስቱ ተጫነ። የቀረው ቁም ሣጥኑ ነው፣ ለአንድ ሰው የማይሞከር። ወንድሟ በአንዱ ጫፍ ቆሞ ግራና ቀኝ ተመለከተ። ሾፌሩ ገመድ እያሠረ ነበር።

«ያዢ በዚያ በኩል» አለ፣ ሳያያት።

ያዘች። ተሸክመው በጠባቡ ኮሪደር ወጡ። እሱ ወደ ኋላ እየተራመደ፣ እሷ እየገፋች።

«ቀስ በይ። ወደ ግራ። ወደ ግራ እኮ ነው ያልኩሽ!»

«ያንተ ግራ ወይስ የእኔ?»

ቆመ። ሳቅ ሊያመልጠው ሲል ዋጠው። «የአንቺ» አለ፤ ከዚያም ዝግ ብሎ፣ «እጅሽን በሩ እንዳይመታው» ጨመረላት።

መኪናው ሲንቀሳቀስ የወንድሟ ሚስት በመስኮት እጇን አወጣች። ወይዘሪት ሩብ እስኪሰወሩ ቆማ አየቻቸው። ከዚያ ወደ ቤት ልትገባ እጀታውን ያዘችና ለቀቀችው። ባዶ ክፍል ውስጥ ምን ትሠራለች? እስከ መንገዱ ጫፍ ሄደች፣ ተመለሰች፣ እንደገና ሄደች።