ካሜራው በጋሼ ወልደ አማኑኤል ሣጥን

ማራኪ «ሌባ!» ያለቻት ደንበኛ ፊት ነው። ሌሊሴን ያንገበገባትም እሱ ነው። ከእሷ ጋር ጦር ኃይሎች አጠገብ ያለችውን ፎቶ ቤት አብረው ከፍተው፣ በአንድ ካሜራ ስንት ሠርግና ስንት ክርስትና አንስተው፣ ከአንድ ሳህን በልተው ሲያበቁ፣ ሌባ! ያውም ፎቶ ልትነሳ የመጣች ሙሽራ አፍ አፋቸውን እያየች።

ነገሩ የካሜራው ባትሪ ነው። ቅዳሜ ጢም ብሎ ይሞላል፣ ካሜራው ይጠፋል፣ ሱቁ ይቆለፋል፤ ሰኞ ሲከፈት ባትሪው ባዶ። የሱቁ ብቸኛ ቁልፍ ደግሞ ያለው ጠዋት ጠዋት የምትከፍተው ሌሊሴ ጋ ነው። ማራኪ አንዴ ከጠረጠረች ጠረጠረች፣ ማን ይመልሳታል?

«እሑድ እሑድ ይዘሽው አስኮ ሠርግ ትሠሪበታለሽ! የጠፋ ካሜራ ባትሪ ይበላል? ሰይጣን ነው የሚያነሳበት?»

«እሑድ ቸርች እንደምውል ታውቂያለሽ» አለች ሌሊሴ። «ያን የዝናብ ቀን ከእጅሽ ከወደቀ ወዲህ ነው እንዲህ የሆነው። ባትሪውን አውጥተን እናሳድረው ብዬ አልለመንኩሽም?»

«ደሞ በእኔ ታላክኪያለሽ! ዓይንሽን በጨው አጥበሽ!»

ነገሩ ሽማግሌ ዘንድ ደረሰ። ሰፈሩን ሲያስታርቁ የኖሩት ጋሼ ወልደ አማኑኤል ሁለቱንም አዳመጡና ካሜራውን አስመጡ። ባትሪው መሙላቱን ሁሉም አየ፤ ማራኪ በገዛ እጇ አጠፋችው። ጋሼ ሣጥናቸው ውስጥ ከተው ቆለፉና የሣጥኑን ቁልፍ ማተባቸው ላይ አሰሩት።

«የሚመጣው እሑድ እከፍተዋለሁ። እስከዚያ አንዳችሁ የሌላችሁን ስም እንዳታነሱ።»

ማራኪ ምን ቆርጧት ዝም ትላለች! ሳምንቱን ሙሉ ለጎረቤቱ ስታወራ ሰነበተች። ሌሊሴ ዳቦ ልትገዛ ስትገባ ባለሱቋ እጅ እጇን ታያት ጀመር። ልጅቷ የምትጸልየው አንድ ነገር ብቻ ሆነ፤ ያ ባትሪ እንዲያልቅ። ካለቀ ስሟ ይመለሳል። ካላለቀ ግን ኮልፌ ውስጥ ፊቷን የምታሳይበት የለም።

እሑድ ከሰዓት ሣጥኑ ተከፈተ። ማራኪ ካሜራውን መንጭቃ ወሰደችና ማብሪያውን ተጫነችው። ጭጭ። ደግማ ተጫነችው። ጭጭ።

«እሰይ! ጌታ ሆይ ተመስገን!» አለች ሌሊሴ፤ እንባዋ ዱብ ዱብ አለ።

ማራኪ ካሜራውን ስታገላብጥ ቆየችና ሽማግሌውን ቀና ብላ አየቻቸው። «እዚህ ቤት ሌላ ሰው አይገባም?»

«እኔ ይኼን ነገር ማብራትም አላውቅ!» ጋሼ ተቆጡ። «ቁልፉም ከአንገቴ አልወረደ። ይልቅ ይቅርታ ጠይቂያት።»

ማራኪ መሬት መሬቱን እያየች ከንፈሯን ነከሰች። «እሺ በቃ፣ ነገ ሥራ ግቢ» አለቻት። «ብቻ የሱቁ ቁልፍ ከእንግዲህ እኔ ጋ ይሁን።»

ሌሊሴ መጀመሪያ ጆሮዋን ማመን አቃታት። ከዚያ ሳቋ መጣ፤ የሚመር ሳቅ። ለካ ባትሪው ሰበብ ነው! ይቺ ሴት መቼም አታምናትም፤ ጠላቻት፣ በቃ።

የሱቁን ቁልፍ ከቦርሳዋ አወጣች። ማራኪ እጇን ዘረጋች። ሌሊሴ አልፋት ሄደችና ጋሼ መዳፍ ላይ አስቀመጠችው።

«እዚያው ሣጥን ውስጥ ይቆልፉልኝ፣ ጋሼ። ይቅርታ ያለችኝ ቀን ይስጧት።»

ሰኞ ፎቶ ቤቱ ተዘግቶ ዋለ። ማክሰኞም።