ፈቃድ ላይ ያለ፣ አንድ

«አያቴ ሞተዋል አልኩሽ እኮ! ከሞቱ አርባ ዓመታቸው! አስከሬናቸውን የተሸከምኩት እኔ ነኝ!»

«ወንድሜ፣ መሸከምህን አልካድኩም» አለች የመዝገብ ቤቷ ሠራተኛ፣ ድምፅዋን ሳታነሳ። «እኔ ጋ ግን አልሞቱም። እኔ ጋ ፈቃድ ላይ ናቸው።»

ልብስ ሰፊው ጠረጴዛውን ሊመታ እጁን አነሳና፣ ላዩ መስተዋት መሆኑን ሲያይ መልሶ አወረደው። እናቱ ከኋላው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠው ያዳምጣሉ።

ለነጻነት የተዋጉ ሰዎች ስም አደባባዩ ላይ ባለው ድንጋይ ሊቀረጽ ነው። ዝርዝሩ የሚዘጋው ዛሬ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ነው። እናትየው የአባታቸውን ስም እዚያ ሳያዩ መሞት አይፈልጉም። ጎረቤቱ «ያንቺ አባት የተዋጋው ከትራሱ ጋር ነው» እያለ ዕድሜ ልካቸውን ሲያሾፍባቸው ኖሯል።

በዚህ ቤት የዘማች ፋይል የሚደረደረው በስም ሳይሆን ሰውየው በመጨረሻ በነበረበት ሁኔታ ነው። የሞቱት አንድ ግድግዳ ይዘዋል፤ የተሰናበቱት ሁለት። ለድንጋዩ ስም የሚወጣው ከእነዚህ ብቻ ነው። «ፈቃድ ላይ ያሉ» በሚለው መደርደሪያ ላይ አንዲት ፋይል ብቻዋን ጋደም ብላለች።

«በየወሩ አቧራዋን አራግፋለሁ» አለች ሠራተኛዋ እንደማባበል። «ሪፖርትም ላይ እጽፋቸዋለሁ፤ ‹ፈቃድ ላይ ያለ፣ አንድ› ብዬ። እሳቸው ከወጡ መደርደሪያው ባዶ ቀረ ማለት ነው። ባዶ መደርደሪያ ደግሞ ሌላ ክፍል ይወስድብኛል።»

«እና ለመደርደሪያ ብለሽ ሰው አታስቀብሪም?»

«መመሪያው ነው። ከፈቃድ ያልተመለሰ አይሰናበትም። ይመለሱ፣ ዛሬውኑ አሰናብታቸዋለሁ።»

«የት ነው የሚመለሱት? ጦሩ ከፈረሰ ስንት ዘመኑ!»

ሠራተኛዋ ትንሽ አሰበች። «ወረቀቱ በሙሉ የመጣው እኔ ጋ ነው። እንግዲህ ጦሩ እኔ ነኝ ማለት ነው።»

መመሪያውን ስታገላብጥ ወራሽ ስለ ዘማቹ ሆኖ «ተመልሻለሁ» ብሎ መፈረም እንደሚችል አገኘች። ልብስ ሰፊው ብዕር ነጠቃት።

«የዘገዩበት ምክንያት?» አለች ቅጹን እያየች።

«ሞት!»

«ሞት የመጣው ሠላሳ አራት ዓመት ከዘገዩ በኋላ ነው። የበፊቱስ?»

እሱ ወደ ፋይሉ ጠቆመ። ፋይሉን ፈታችና ጮክ ብላ ማንበብ ጀመረች። ሁለት ዓመት ከአምስት ወር ተዋግተዋል፤ ሁለት ጊዜ ቆስለዋል። ከዚያ፣ «ሚስቱ ሴት ልጅ ስለወለደችለት አይቷት እንዲመለስ ሰባት ቀን ተፈቅዶለታል።» ከሥሩ በመርፌ ቁልፍ የተያያዙ ሁለት ቁራጭ ወረቀቶች ነበሩ።

«‹ይድረስ ለአለቃዬ። ልጅቱ ገና አላወቀችኝም። ስታውቀኝ እመጣለሁ።›» ቀጠለች። «‹ይድረስ ለአለቃዬ። አሁን አወቀችኝ። እንግዲህ እንዴት ብዬ ልምጣ?›»

«እስቲ ድገሚልኝ፣ ልጄ» አሉ እናትየው።

ደገመችላቸው። እጃቸውን ሲዘረጉ ወረቀቶቹን ሰጠቻቸውና ወደ ቅጹ ተመለሰች።

«በይ እንግዲህ ‹ልጅ› ብለሽ ጻፊ!» አለ ልብስ ሰፊው።

«ልጅ ምክንያት አይሆንም። የማን ቤት ነው ልጅ ያልነበረበት?»

«እና ሌላው ሁሉ ልጁን ጥሎ ተመለሰ?»

«ተመልሶማ ነው ድንጋይ ላይ የሚወጣው!»

«‹ሕመም› በይው።»

«የሐኪም ወረቀት አለህ?»

«የሰባ አራት ዓመት የሐኪም ወረቀት ከየት ላምጣልሽ?»

አሥራ አንድ ሊሆን ሃያ ደቂቃ ቀርቶታል። ልብስ ሰፊው በጠረጴዛው ላይ ተንጠራርቶ መመሪያውን ራሱ ይገልጥ ጀመር፤ ሠራተኛዋም ገጹ እንዳይቀደድባት በሌላ በኩል ትይዛለች። እናትየው ሁለቱን ወረቀቶች አጥፈው የመነጽራቸው ማኅደር ውስጥ ከተቱ። ጉልበታቸውን ተደግፈው ተነሡ። በሩ ወለሉን እንዳይፍቅ ትንሽ ከፍ አድርገው ከፈቱት፣ ወጡ፣ መልሰውም ገጠሙት።

«አንቀጽ ዘጠኝን አንብቢዋ!»

«ዘጠኝ ስለ በቅሎ ነው፣ ወንድሜ።»