በሮቹ እንዲከፈቱ

ሱዳን፣ መፋዛ ለሰሊጥ አጨዳ ስንገባ የቻላቸው እግር ማበጥ ጀምሮ ነበር። እሱ፣ ሚስቱ ውዴና እኔ ከመተማ አብረን የተሻገርን ጎረቤታሞች ነን፤ የምናድረውም አንድ ራኩባ፣ የሣር ዳስ ሥር ነው። ገዳሪፍ ሆስፒታል ብንወስደው ልቡ ደክሟል ተባለ። ውሃውን በሽንት የሚያስወጣ ኪኒን ሰጡት። እብጠቱ ጎደለ፤ ጉልበቱ ግን ከዳው፣ የልቡም ምት ተዛባ።

ተመልሰን ስንሄድ ሐኪሙ ከካርቱም በተፈናቀለ ሰው ተከቧል። ቢቸኩልም ጡጫውን እየጨበጠ እየፈታ አስረዳን። ከእኛ ጋር የምታጭደው፣ ኡም ጋርጉር የስደተኞች ካምፕ ያደገችው ራሕዋ ከዓረብኛ አስተረጎመች።

"ዱክቱር እንዲህ ይላል፤ የደም ሥሩ ግድግዳ ላይ ደቃቅ በሮች አሉ። በነሱ ምልሕ ያልፋል፣ ጨው ማለት ነው። ሲያልፍ ሥሩ ይላላል፣ ልብም ምቱን ይይዛል። ኪኒኑ ያን ጨው አጥቦበታል። ይተካለት። ሙዝና ተምርም ይብላ።"

ሐኪሙ ፖታሲየም ማለቱ ነበር። በዓረብኛ እሱም ምልሕ ነው። ውዴ ይህን ከየት ታውቅ? ሙዙን እንደ ሕመምተኛ ማባበያ ቆጠረችው፤ የወጥ ጨው እየበጠበጠች ጠዋት ማታ በኩባያ ታጠጣው ጀመር።

"ጠጣ እንጂ፣ በሮቹ ይከፈቱልህ" ትለዋለች።

"ከበሩስ ዘበኛው ባሰ" ይላል ፊቱን አጨማዶ።

እብጠቱ ሆዱ ድረስ ወጣ፤ ትንፋሽ አጠረው። እንደገና ወሰድነው። ብሩኽ የሚባል አማርኛ የሚችል ነርስ ምን እንደሚወስድ ጠየቀ። ውዴ ነገረችው።

"ሐኪሙ ያለው ፖታሲየም ነው፤ ሙዝና ተምር ውስጥ ያለው" አለ። "የወጥ ጨው ለዚህ ልብ መርዝ ነው።"

በጥፊ ብመታው ደስ ባለኝ። እውነት ቢሆንም እንዲህ ፊት ለፊት ይባላል?

ውዴ ግድግዳውን ይዛ ቁጭ አለች። "እኔ ነኝ ለካ" አለች።

"ጠጣሁት እንዴ?" አለ ቻላቸው እየቆራረጠ። "ዞር ስትይ እደፋው ነበር። እናትነሽ ትንገርሽ።"

ዞሮ አየኝ። "አዎ፣ ይደፋው ነበር" አልኩ።

ውዴ በረጅሙ ተነፈሰች። ቻላቸው በማግስቱ እጇን እንደያዘ አረፈ።

እጄን ማጭድ ቆርጦኝ ስለነበር እሷ እርሻ ስትውል አጠገቡ የምውለው እኔ ነበርኩ። አንዲት ጠብታ ደፍቶ አያውቅም። በሮቹ ይከፈቱ እንደሁ ብሎ ከኩባያው ሥር የቀረውን ጨው በጣቱ ጠርጎ ይልስ ነበር።

ውዴ ዛሬም "እንኳን ደፋው" ትላለች። እኔም "እንኳን" እላታለሁ።